ክሩ ከውስጥ፣ መሣሪያው ከውጭ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ጣርማበር ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በልጦ ይገኛል። ከዋሻው ሲወጣ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋሮቢት ሲገባ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ሸዋሮቢት ወደምትገኝበት ቀወት ወረዳ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። የይፋት ቆላ ሙቀት ሰውን ብቻ ሳይሆን በዚያው መኪና ተጭኖ የወረደውን ዕቃ ሁሉ ይነካል። ከሚነካቸውም አንዱ በዚህ መጽሐፍ ስንከታተለው የቆየነው የስሪዲ ፕሪንተር ጥሬ ዕቃ፣ ፊላመንት የሚባለው የፕላስቲክ ክር ነው።

ባለፉት ምዕራፎች ፕሪንተሩ ይህን ክር አቅልጦ በቀጭን በቀጭኑ እየደራረበ ዕቃ እንደሚሠራ አይተናል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ክሩ የሚቀመጥበትን ሳጥን እንመለከታለን፤ ከዚያም ፕሪንተሩ ራሱ ለዚያ ሳጥን የመሣሪያ ማንጠልጠያ የጎን ሰሌዳ እንዲያትምለት እናደርጋለን። ሥራው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በቆላ አገር አንድ ፕሪንተር ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ወይም ግማሹን ጊዜ የሚቆም መሆኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህ አቀማመጥ ነው።

እርጥበት ክሩን ምን ያደርገዋል?

የተለመደው ክር 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። አንድ ኪሎ የፒኤልኤ ጥቅልል ቢተረተር 335 ሜትር ያህል ይሆናል። ፒኤልኤ ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ከሚገኝ አሲድ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ፔትጂ ደግሞ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ለዓይን ደረቅ ሆነው ሳለ ከአየር ውኃ ይስባሉ። ናይለን ከሁለቱም ይብሳል፤ ከክብደቱ በመቶ በርካታ እጅ የሚሆን ውኃ ሊጠጣ ይችላል።

ክሩ የጠጣው ውኃ ራሱን የሚገልጠው በማተሚያው አፍንጫ ውስጥ ነው። ፒኤልኤ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ፣ ፔትጂ ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው ውኃ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። ያን ጊዜ አፍንጫው ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የሚታተመው ዕቃ ገጽ በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ይጎተታል። ከዚህ የከፋውና በዓይን የማይታየው ጉዳት ግን ሌላ ነው። በዚያ ሙቀት ውኃው የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣቸዋል። በእንዲህ ያለ ክር የታተመ ማንጠልጠያ መልኩ ቢያምርም ሸክም ሲያዝበት ይሰበራል።

የተዘጋ ሳጥን በቆላ

ብዙ ሰው ክሩን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ከትቶ ሲዘጋ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የቆላ አየር ግን እንዲህ በቀላሉ አይተውም። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ32 ዲግሪ ሙቀት ቢበዛ 34 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል፤ በ17 ዲግሪ ግን ከ14.5 ግራም በላይ መያዝ አይችልም። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ አንጻራዊ እርጥበቱ 40 በመቶ በሆነበት ጊዜ ሳጥኑን ዘጋነው እንበል። ውስጡ በሜትር ኩብ 13.5 ግራም ተን ያለው አየር ገባ ማለት ነው። ሌሊት ክፍሉ ወደ 17 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ያው አየር፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ብቻውን ቢሆን እርጥበቱ 93 በመቶ ይደርሳል። ቀን ደረቅ የነበረው ሳጥን ሌሊት እርጥብ ሆነ። ከዚህ ውኃ የሚበዛውን ደግሞ ክሩ ይጠጣዋል።

ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ውኃውን የሚቀማ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ሲሊካ ጄል ነው። በአዳዲስ ጫማና በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ፍሬ ነው። የሳጥኑን አየር ወደ 20 በመቶ እርጥበት አውርዶ ለማቆየት 100 ግራም ሲሊካ ጄል 10 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል። ከዚያ በላይ ሲጠጣ አየሩን በዚያ ድርቀት ማቆየት ያቅተዋል፤ መድረቅ አለበት። ብርቱካንማው ዓይነት ውኃ ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ሰማያዊነቱ የሚመጣው ግን ከኮባልት ክሎራይድ ነውና መርዛማ ነው። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ምግብ በሚሠራበት ዕቃ አይደረቅ፤ ለእሱ ብቻ የተለየ መጥበሻ ይኑረው፣ ሙቀቱም ከ120 ዲግሪ ብዙ አይለፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የቀወት ገበሬ ማሽላውንና ማሾውን ወደ ጎተራ የሚያስገባው በፀሐይ ካደረቀ በኋላ ነው፤ ጎተራ የደረቀውን እህል ይጠብቃል እንጂ እርጥቡን አያደርቅም። የክር ሳጥንም እንዲሁ ነው። ውኃ የጠጣ ጥቅልል መጀመሪያ በሙቀት መድረቅ አለበት፤ ፒኤልኤ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ለ5 ሰዓት ያህል፣ ፔትጂ 65 ዲግሪ አካባቢ። ልዩ ማድረቂያ የሌለው ሰው ጥቅልሉን በፕሪንተሩ ማሞቂያ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ በካርቶን ደፍቶ፣ ካርቶኑ ላይ ለእንፋሎቱ ጥቂት ቀዳዳ አብጅቶ ማድረቅ ይችላል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ሳጥኑን በቀን ስንት ጊዜ እንከፍተዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። አራት ጥቅልል የሚይዝ ሳጥን ውስጡ 35 በ24 በ24 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 20 ሊትር ያህል ነው። በክረምት፣ አየሩ 25 ዲግሪና 70 በመቶ እርጥበት ባለው ቀን፣ ክዳኑ ተከፍቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 0.32 ግራም ውኃ ይገባል። የሚወጣው ደረቅ አየር 0.09 ግራም ይዞ ስለሚሄድ ትርፉ 0.23 ግራም ነው። ሳጥኑ ውስጥ 200 ግራም ሲሊካ ጄል አለ እንበል፤ አቅሙ 20 ግራም ውኃ ነው። ሳጥኑ በቀን አሥር ጊዜ የሚከፈት ከሆነ ሲሊካ ጄሉ በዘጠኝ ቀን ይጠግባል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፈት ግን ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ያገለግላል፤ ክረምቱን አሻገረ ማለት ነው።

አሥር ጊዜ የሚከፈተው ለክር አይደለም። ክር የሚለወጠው አልፎ አልፎ ነው። ሰው ሳጥኑን ደጋግሞ የሚከፍተው መሣሪያውን እዚያው ውስጥ ስለሚጥለው ነው። የክሩን ጫፍ የሚቆርጠው ፒንሳ፣ የብሩጎላው ስብስብ፣ ወረንጦው፣ አፍንጫውን የሚጠርገው ቀጭን መርፌ፣ የታተመውን ዕቃ ከማሞቂያ ሰሌዳው የሚያላቅቀው መፋቂያ፣ ካሊፐሩ፣ ሞረዱ፣ ካቻቢቴው፤ ሁሉም ከፕሪንተሩ አጠገብ ያለችውን ብቸኛ ሳጥን ፈልገው ይገባሉ። እያንዳንዱ በተፈለገ ቁጥር ክዳኑ ይነሣል። መሣሪያው ከሳጥኑ ውጭ፣ በጎኑ ላይ ቢሰቀል ክዳኑ የሚነሣው ለክር ብቻ ይሆናል። የጎን ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ ሳጥኑ እንደተዘጋ እንዲኖር ያደርጋል። የጠረጴዛ ቦታ ማትረፉ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

መሣሪያን ግድግዳ ላይ የማኖር ጥበብ

መሣሪያን በቦታው የመስቀል ልማድ ለኢትዮጵያ ወርክሾፖች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ 30 ድርጅቶችን ይዞ የተጀመረው የካይዘን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ “ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ” የሚሉት አምስቱ “ማ”ዎች በፋብሪካና በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። የማስቀመጥ ትምህርት በጣም የሚታወቀው ፍሬ የመሣሪያ ሰሌዳው ነው። ቁልፉ፣ ሞረዱ፣ ፒንሳው እያንዳንዳቸው ጥላቸው በተሣለበት ቦታ ይሰቀላሉ፤ የጎደለው የቱ እንደሆነ ገና ከበር ሲገባ ይታያል።

ይኸው ዘዴ ከፋብሪካ ውጭም ታሪክ አለው። በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ የነበረው የታዋቂዋ የምግብ ዝግጅት ደራሲ የጁሊያ ቻይልድ ማእድ ቤት ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል። ባለቤቷ ፖል ቻይልድ ብዙ ቀዳዳ ባለው የግድግዳ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ድስትና መጥበሻ ዙሪያ ሥሎላት ነበር። ማንም የቤት እንግዳ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልስ ዘንድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

በሸዋሮቢት ያለ አንድ የፕሪንተር ባለቤት ይህን ልማድ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዲት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ብትጠፋ በእሷ የሚፈታው ሁሉ ሳይፈታ ይቀራል፤ ምትክዋ እስኪመጣ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። ትንሽ መሣሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ለእሱ የሥራ ቀን ማዳን ነው።

ሰሌዳውን ደግሞ ከሌላ ሳይጠብቅ በራሱ ማሽን መሥራት መቻሉ የአንድ ሐሳብ ውጤት ነው። ቀልጦ በሚደረደር ፕላስቲክ ዕቃ የመሥራቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 ለባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ስኮት ክራምፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲው አድሪያን ቦየር የራሱን አካላት የሚያትም፣ ንድፉም ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሪንተር የመሥራት ፕሮጀክት ጀመረ። የክራምፕ ዋና መብት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያበቃ በሺህ ዶላሮች ይቆጠር የነበረው ማሽን ዋጋው በፍጥነት ወደ ተራ ሰው አቅም ወረደ። ማሽኑ ራሱን ማሟላት አለበት የሚለው የቦየር ሐሳብ ዛሬም የሚሠራ ነው፤ የጎን ሰሌዳውም ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው።

ሳጥኑን ሳይበሱ መስቀል

ሰሌዳውን ለማያያዝ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ትራፓኖ አንሥቶ የሳጥኑን ጎን መብሳትና በብሎንና በዳዶ ማጥበቅ ነው። ይህ ግን መደረግ የለበትም። የክዳን መከፈት ለደቂቃ ነው፤ ቀዳዳ ግን ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። ቀዳዳውን በጎማ ሮንዴላ መድፈን ቢቻልም እንደዚህ ያሉ ሳጥኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ታችኛው ገጻቸው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ይታያል። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከብረት በብዙ እጥፍ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በቀንና በሌሊት መካከል የሙቀቱ ልዩነት ሰፊ በሆነበት አገር ዛሬ የጠበቀው ብሎን ነገ ይላላል።

ማጣበቂያም አያዋጣም። ፖሊፕሮፒሊን ገጹ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ሰሌዳ መሣሪያ ሲሰቀልበት ተላቅቆ ይወድቃል።

የሚያዋጣው ማቀፍ ነው። ሳጥኖቹ ከአፋቸው ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አላቸው። የሰሌዳው የላይኛው ጫፍ ከዚህ ከንፈር ሥር ይገባል፤ በታች ደግሞ ከሳጥኑ መቀመጫ ሥር የሚያልፉ ሁለት መቀነቶች የግራውን ሰሌዳ ከቀኙ ጋር ያስሩታል። ሁለቱ ሰሌዳዎች ሳጥኑን እንደ አንድ ክፈፍ ይይዙታል። እዚህ ላይ የማይታለፍ ደንብ አለ፦ ምንም የሰሌዳው ክፍል በክዳኑና በሳጥኑ አፍ መካከል አይግባ። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መንጠቆ እንኳ እዚያ ከገባ የክዳኑ ጎማ አይገጥምም፤ ሰሌዳው የመጣበትን ጥቅም ራሱ ያፈርሰዋል። የክዳኑ መቆለፊያ የሚከፈትበትም ቦታ ነጻ ይሁን።

ሰሌዳው 30 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ድፍን ሆኖ በፔትጂ ቢታተም 230 ግራም ያህል ይፈጃል። የንብ እንጀራ የመሰሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ግማሹን ካስቀሩለት 115 ግራም ይበቃዋል፤ ሁለቱም ጎኖች ከአንድ ኪሎ ጥቅልል ሩቡን አይሞሉም። ቀዳዳዎቹ መንጠቆ የሚገባባቸውም ናቸውና ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አብዛኞቹ አነስተኛ ፕሪንተሮች ማሞቂያ ሰሌዳቸው 22 በ22 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሥራው በአራት ባለ 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ተከፍሎ በጎናቸው በሚቆላለፍ ጥርስ ይገጣጠማል። ይህ መከፋፈል መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢም ይጠቅማል። እያንዳንዱ ቁራጭ 30 ግራም የማይሞላ የአጭር ሰዓት ሥራ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንዴ ከተወሰነ አይለወጥ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዛክ ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ግሪድፊኒቲ ብሎ የሰየመውን የመሣቢያ አደራደር በነጻ ሲለቅ የወሰነው አንድ ነገር ነበር፦ ሁሉም ቤት 42 ሚሊ ሜትር በ42 ሚሊ ሜትር ይሁን አለ። በዚያ አንድ ልክ ምክንያት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በየአገሩ የነደፉት ቁርጥራጭ አንዱ ባንዱ ላይ ይገጥማል። የሸዋሮቢቱም ሰሌዳ ከተለመዱት ልኮች አንዱን ከያዘ ሌላው የነደፈው መንጠቆ ይገጥምበታል፤ እዚያ የተነደፈውም ለሌላው ይተርፋል።

ከምን ይታተም? እንዴትስ ይደርደር?

ፒኤልኤ ለማተም ቀላል ነው፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሸክም ከታከለበት ከዚያም በታች ባለ ሙቀት ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ የፒኤልኤ መንጠቆ ተጣሞ ይገኛል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሞቀ ክፍል መሣሪያ ተሸክሞ ወራት የሚቆየውም አያስተማምንም። ፔትጂ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬውን ስለሚጠብቅ ለቀወት የሚመረጠው እሱ ነው። ፒኤልኤ ብቻ ያለው ሰው ሰሌዳውን በእሱ አትሞ መንጠቆዎቹን ወፍራም ያድርጋቸው፤ ሳጥኑንም ከፀሐይ ያርቀው።

መንጠቆ ሲታተም በጎኑ ተኝቶ ይታተም። የታተመ ዕቃ የሚሰነጠቀው በድርብርቡ መካከል ነው። ቆሞ የታተመ መንጠቆ ድርብርቡ ክንዱን አግድም ይቆርጠዋል፤ ሸክሙ ድርቡን ከድርብ ይገነጥለዋል። ተኝቶ ሲታተም ግን እያንዳንዱ ክር ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ በዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ ብዙ ይሸከማል።

የመሣሪያውን ጥላ በሰሌዳው ላይ ለማኖር ቀለም መቀባት አያስፈልግም። በ0.2 ሚሊ ሜትር ድርብ ለሚታተም ዕቃ የመጨረሻዎቹ ሦስት ድርቦች በሌላ ቀለም ክር ቢታተሙ ቅርጹ ከሰሌዳው ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ለዚህ ቅርጽ ሲባል መሣሪያው የሚቀመጥበት ክፍል ያለ ቀዳዳ ድፍን ይደረግ።

አደራደሩን ክብደት ይምራው። አራት ሙሉ ጥቅልል ያለበት ሳጥን ከነመጠቅለያው ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ በቀላሉ አይገለበጥም። ክሩ እያለቀ ሲሄድ ግን ሳጥኑ ይቀልላል፤ መሣሪያው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ነው። ፒንሳውና ካሊፐሩ ከታች፣ ወረንጦውና መርፌው ከላይ ይሁኑ፤ ከባዶቹም በሁለቱ ጎን ይከፋፈሉ። በየሥራው የሚነሡት ፒንሳና መፋቂያ ወደ ፕሪንተሩ በዞረው ጎን ይሰቀሉ። ብሩጎላዎቹ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በቅደም ተከተል፣ ቁጥራቸው ከሥራቸው ታትሞ ይደርደሩ። ስለት ያለው ሁሉ አፉ ወደ ታችና ወደ ሳጥኑ ይሁን፤ በቤት ውስጥ ልጆች አሉና።

በመጨረሻ ሰሌዳው ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠውን የእርጥበት መለኪያ እንዳይሸፍን መስኮት ይተውለት። ቁጥሩን ለማየት ክዳን መክፈት ካስፈለገ መለኪያው ራሱ እርጥበት አስገቢ ይሆናል።

ሥራው በትክክል መሠራቱ የሚታወቅበት

ይህን ሰሌዳ ለመመዘን ውበቱን ማየት አይበቃም። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ሳጥኑ በደረቀ ሲሊካ ጄልና በደረቀ ክር ተዘግቶ ለአንድ ሳምንት ይቆይ፤ የመለኪያው ቁጥር ጠዋትና ማታ ይጻፍ። ከዚያ ሲሊካ ጄሉ እንደገና ደርቆ ሰሌዳው ይሰቀል፣ መሣሪያው ሁሉ ይደርደር፤ ሳጥኑም እንደ መጀመሪያው ሳይከፈት ሌላ ሳምንት ይጻፍ። ቁጥሩ ከፊተኛው ሳምንት ከፍ ካለ ሰሌዳው የሆነ ቦታ ክዳኑን አንሥቶታል፤ ይወገድና መንጠቆው ይስተካከል። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ሰሌዳው ከሳጥኑ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያ የዕለት ሥራ ይጀመርና የሦስተኛው ሳምንት ቁጥር ይጻፍ። መሣሪያ ፍለጋ ክዳን መነሣቱ ከቀረ ያ ቁጥር ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት በሥራ ቀናት ይታይ ከነበረው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ 115 ግራም ክር የፈጀው እያንዳንዱ ሰሌዳም ኪሎ በኪሎ ክር ማዳን ይጀምራል።